ተኝቶ የሚነዳው ወንድሜ

ወንድሜ መኪና መንዳት አይችልም። ጢሙን አሳድጎ፣ ትዳር ይዞ፣ ዛሬም ከመንጃ ፈቃድ ጋር እንደተኮራረፈ በታክሲ ይዞራል። ይህ ሰው በተወለደ በጥቂት ሳምንቱ ከባድ መኪና ከነተሳቢው ዳገት ሲያወጣ በዓይኔ አይቻለሁ ብል ማን ያምነኛል? ግን አይቻለሁ። ጡት እየጠባ ነበር የሚነዳው።

አባታችን ሹፌር ነበር። የተከራየነው ቤት ግቢው ሰፊ፣ ክፍሉ ጠባብ ነው። አባትሽ ቤት ሲፈልግ ያየው መኪናው የሚያድርበትን እንጂ እኛ የምናድርበትን አልነበረም ትላለች እናቴ እስከ ዛሬ። መኪናው ግቢ የሚገባው በኋላ ማርሽ ስለሆነ እኔ ከበሩ ጥግ ቆሜ በእጄ እየጠራሁ አስገባዋለሁ። "ና… ና… ና… በቃ!" እላለሁ። ያን የሚያህል ብረት በእኔ ቃል ቀጥ ይላል። አባቴ ከጋቢናው ዘሎ ይወርድና "ረዳቴ" እያለ ናፍጣ በሚሸት እጁ ጉንጬን ቆንጠጥ ያደርገኛል። እኔ ባልኖርም በመስታወቱ አይቶ ራሱ እንደሚያቆም የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ግን የቤታችን ግድግዳ የቆመው በእኔ ጉሮሮ ነበር።

አልፎ አልፎ ጋቢና አስቀምጦኝ እናቴ ሒሳብ ተቀባይ ሆና እስከምትሠራበት ነዳጅ ማደያ ይወስደኛል። መንዳት ምን እንደሆነ ያጠናሁት በዚያች መንገድ ነው። ዳገቱ ሲጀምር ግራ እግሩ ፍሪሲዮኑን ይረግጣል፣ ቀኝ እጁ ማርሹን ይገፋል፣ መልሶ ይስባል፣ ጥርሱን ይነክሳል። ያን ጊዜ ብታወሪው አይሰማሽም። ሜዳ ስንወጣ ግራ ክርኑን በመስኮቱ ላይ ያሳርፋል፣ ፊቱ ይፈታል፣ ወደ እኔ ዞር ብሎ "እህሳ ረዳቴ" ይላል። ስለዚህ ከአባቴ ጋር የምጫወተው ሜዳ ላይ ብቻ ነበር። ያቺ ሜዳ ደግሞ አጭር ነበረች።

ወንድሜ በእናቴ ሆድ እያለ አባቴ ጭነት ይዞ ወጣ። በዚያው ቀረ። የት ነው ስል "መንገድ ላይ ነው" ይሉኛል፤ አመንኩ። ሹፌር መንገድ ላይ ካልሆነ የት ሊሆን ነው? ከዋናው መንገድ የከባድ መኪና ድምፅ በመጣ ቁጥር ማንኪያዬ አየር ላይ ይቀራል። የእሱን ክላክስ ከሌላው ሁሉ እለየዋለሁ፤ መጀመሪያ ሳል እንደያዘው ሰው ያዝ ያደርገውና ከዚያ ረዥም ነው። ከበሩ ጀርባ የተሰቀለው የሥራ ቱታው ውስጥ ፊቴን እቀብራለሁ። ሽታው እንዳያልቅብኝ ግን ቆጥቤ ነው የማሸተው፤ አንዴ ሳብ አድርጌ ቶሎ እተወዋለሁ።

ወንድሜ ተወለደ። እናቴ መስኮቱ ሥር ካለው አልጋ ጫፍ ላይ ትቀመጥና ትራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ታጠባዋለች። እኔ ወለሉ ላይ ደብተሬን ዘርግቼ ዓይኔን እነሱ ላይ እተክላለሁ። ያ ጭን የእኔ ነበር። እናቴ ሁልጊዜ በቀኝ ጡቷ ነው የምትጀምረው፤ በቀኙ ሲጠባ ደግሞ ቀኝ እጁ ነፃ ነው። አንድ ቀን እንዲህ እያየሁት ጥቂት ሳብ ሳብ አደረገና አንገቱን ዘወር አደረገ። ቀኝ ክንዱ ቀጥ ብሎ ተዘረጋ፤ ጣቶቹ ጭብጥ አሉ፤ ከዚያ ክንዱ ተመልሶ ወደ ራሱ ተሳበ። እግሩም አብሮ የእናቴን ሆድ ገፋ። እንደገና ተዘረጋ፣ እንደገና ተሳበ። ፊቱ ቀልቷል፣ ያቃስታል። ይህን ነገር አውቀዋለሁ።

"እማዬ፣ ማርሽ እየቀየረ ነው" አልኳት።

እናቴ ጎንበስ ብላ አየችውና ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ የሰማሁት ሳቅ ነው፤ ነገር ግን መሃል ላይ ተቋረጠ። ወደ ግራ ጡቷ አዞረችው። ወዲያው ረጋ። ግራ ክንዱን ደረቷ ላይ ደልደል አድርጎ፣ ፊቱን ፈትቶ ይጠባ ጀመር። ሜዳ ወጣ ማለት ነው።

ዛሬ ላይ ሆኜ ሳየው፣ በግራው የሚረጋው ረሃቡ በቀኙ ስለሚበርድለት ነው። ያኔ ግን ነገሩ ሁሉ ግልጥልጥ ብሎ ታየኝ። አባቴ የትም ይሁን የት፣ መሪው ላይ ያለው እጁ ከወንድሜ እጅ ጋር ተያይዟል። ወንድሜ ሲታገል አባቴ ዳገት ላይ ነው፤ ሲረጋ ሜዳ ላይ ነው፤ ጡቱን ለቆ ሲተኛ አባቴም የሆነ ቦታ መኪናውን አቁሞ ጋደም ብሏል። የት እንደደረሰ የማውቅበት ዘዴ ተገኘ። ደግሞ እኔ ረዳት ነኝና ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከተኛል።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ "ዛሬስ?" እላለሁ። እናቴ ለምዳዋለች፤ "ዳገቱን ጨርሷል" ትለኛለች፣ ወይም "ድልድዩ ጋ ደርሷል"። ለእሷ ጨዋታ ነበር። አዝናም ሆነ ደክሟት በዋለች ቀን እንኳ መልስ ነፍጋኝ አታውቅም። እኔ ግን ያን ድልድይ ተኝቼ ሳስበው አድራለሁ። አንዳንዴ ትዕግሥቴ ያልቅና "በግራ አጥቢው፣ ቶሎ ሜዳ ይውጣ" ብዬ እለማመጣታለሁ። ሜዳ ላይ ፍጥነት አለ። እናቴም በልጅ አነጋገሬ እየሳቀች ታዞርልኛለች።

ያልሳቀችው አክስቴ ናት። የእናቴ ታላቅ ነች፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራለች። ከሥራ ስትወጣ ጥጡ ፀጉሯ ላይ እንዳለ ትመጣለች። ጥርሷን የማታሳይ ሴት ናት እንጂ እጇ ደግ ነው፤ መጥታ ሳትቀመጥ የወንድሜን ጨርቆች አጥባ አስጥታ ነው የምትጨርሰው። አንድ ከሰዓት ወንድሜ ዳገት ላይ እያለ ደረሰች። እጇን ሳታደርቅ ቆማ አየችው።

"ይሄ ነገር ደስ አላለኝም" አለች። "ልጅ እንዲህ አይገታተርም።"

እናቴ ቀለል አድርጋ ልትመልስላት ሞከረች። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ድምፅ ሲወርድ የእኔ ጆሮ ይቆማል። አክስቴ እናቴን ትቆጣለች፤ እንቅልፍ የለሽም፣ እህል አትቀምሺም፣ ቀን ከሌሊት ስትብሰለሰይ ውለሽ ያንን ነው የምታጠቢው፣ ልጁ የሚጠባው ሐዘንሽን ነው ትላታለች። የምን ሐዘን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ወተቱ ውስጥ የማይገባ ነገር እንደገባ ግን ገባኝ፤ ይህ ደግሞ የእኔ ሙያ ነው። አባቴ እንደነገረኝ ናፍጣ ውስጥ ውሃ ከገባ ሞተሩ እየተንገጫገጨ ነው የሚሄደው።

"ውሃ ገብቶበት ይሆናል" አልኳቸው ከወለሉ ላይ። "አባዬ ሲመጣ ያጣራዋል።"

አክስቴ እናቴን አየቻት፤ እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትልቅ ሰው የሚናገረውን የተናገርኩ መስሎኝ ደረቴ ተነፋ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማጥባት ደስታ የሌለው ሥራ ሆነ። እናቴ ወንድሜ አፉን ከፍቶ ጡቱን ሲይዝ ጀምሮ ትንፋሿን ይዛ እጁን ትጠብቃለች። ክንዱ ሲዘረጋ በመዳፏ ጥብቅ አድርጋ ትይዘዋለች። "ዛሬስ?" ስላት "ተይኝ እስቲ" ትለኛለች። የሹፌር እጅ ይያዛል እንዴ፣ ያውም ዳገት ላይ? ሆድ ባሰኝ። የአባቴን መምጣት የምታዘገየው እሷ መሰለችኝ፤ ብዙ ቀን አኮረፍኳት። እሷ ግን ኩርፊያዬን የምታይበት ዓይን አልተረፋትም። ልጇን የገዛ ወተቷ እያሳመመው እንደሆነ አምና፣ ያንኑ ወተት በየሰዓቱ እየሰጠችው ነበር። ይህን ያወቅሁት እኔም ለራሴ ልጅ ጡት ስሰጥ ነው።

አንድ ቀን ከእንቅልፉ በጣም ተርቦ ተነሳ። ገና ሳብ ሳብ እንዳደረገ ትን አለው። ጡቱን ለቀቀ፣ ጀርባው ደረቀ፣ ሁለት እጆቹ ባንድ ጊዜ ግራና ቀኝ ተበተኑ፣ ጣቶቹ ተከፈቱ። ዓይኑ ፈጦ ድምፅ አጣ። እኔ ከወለሉ ላይ ብድግ አልኩ፤ ጋቢና ውስጥ አንዴ እንዲህ ሆኜ አውቃለሁ፣ መንገድ ላይ ከብት ገብቶ አባቴ ድንገት ፍሬን የያዘ ቀን። መኪናው ገደል አፋፍ ላይ ሲንሸራተት ታየኝና ጮህኩ። እናቴ ወንድሜን ትከሻዋ ላይ ገልብጣ ጀርባውን መታ መታ ስታደርገው አለቀሰ። ማልቀሱ ደስ አለኝ፤ አባቴ ተርፏል። የእናቴ ፊት ግን አመድ መስሏል። ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች፣ አክስቴን ከፋብሪካ በር ጠርታ፣ እኔን በእጄ ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች።

ሐኪሟ መነጽሯን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ለነገር የማትቸኩል ሴት ነበረች። እናቴ ስትንተባተብ ሰማቻትና ወንበር ሰጥታት "እዚሁ አጥቢልኝ" አለቻት። ከዚያ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አድርጋ ቁጭ ብላ አየች። ወንድሜ ለሰው አያፍርም፤ ዳገቱን ተያያዘው። አክስቴ "ይኸው፣ ይኸው" ትላለች። ሐኪሟ ክንዱን ስትይዘው ይቆም እንደሆነ እናቴን ጠየቀቻት። እናቴ ይቆማል አለች። ዓይኑ ይገለበጥ እንደሆነ ጠየቀቻት። አይገለበጥም። ከዚያ ወንድሜን አልጋው ላይ በጀርባው አስተኛችውና ጭንቅላቱን በቀስታ ወደ ቀኝ አዞረችው። ቀኝ ክንዱ ተዘረጋ፣ ግራው ታጠፈ። ወደ ግራ አዞረችው። ግራው ተዘረጋ፣ ቀኙ ታጠፈ።

"አየሽ? አንገቱ ሲዞር ክንዱ ይከተለዋል። ሁሉም ሕፃን እንዲህ ነው፣ የአንዳንዱ በጉልህ ይታያል እንጂ" አለች። ድንገት መበርገጉም የጤና ነው። ትን የሚለው ወተቱ በዝቶ እየፈጠነበት ነውና ወደ ኋላ ጋደም ብላ እንድታጠባው ነገረቻት። ስትይዘው ካልቆመ፣ ወይም ዓይኑ ከተገለበጠ፣ ወይም ከእንቅልፉ ሲነሳ ደጋግሞ ከተኮማተረ ግን ሳትውል ሳታድር እንድታመጣው አስጠነቀቀቻት።

እናቴ ልብሷን ሳትሰበስብ ቀና አለች። "ከወተቴ አይደለም?" አለች።

"ከወተትሽ ምን አለው?"

"ሐዘን አለብኝ።"

ሐኪሟ መነጽሯን አወለቀች። "ሐዘኑ ያንቺ ነው እህቴ" አለቻት። "እሱ የሚጠባው ወተት ነው።"

እናቴ እዚያው ወንበር ላይ አለቀሰች። አክስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ፀጉሯ ላይ ያለውን ጥጥ ትለቅማለች። እኔ የገባኝ ሌላ ነው፤ ሐኪሟ መንገዱ ገና ብዙ እንደሚቀረው የነገረቻት መሰለኝ። ልንወጣ ስንል ሐኪሟ የወንድሜን ጉንጭ ነክታ "ራሱን ችሎ መቀመጥ ሲጀምር ይሄ ሁሉ ይጠፋል" አለች። እናቴ እያመሰገነች ወጣች። እኔ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። እንዴት እስከ ዛሬ አልታየኝም? ለካ ይህ ሁሉ መዘግየት ተኝቶ ስለሚነዳ ነው። ተኝቶ የነዳ ማን የት ደርሷል? እንደ ሰው ተቀምጦ መሪ ሲይዝ ቤቱ ይደርሳል።

ከዚያ በኋላ ሥራ በዛብኝ። ከትምህርት ቤት ስመጣ ወንድሜን ምንጣፉ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ በግራና በቀኙ ትራስ፣ ከኋላው የደብተር ቦርሳዬን እደግፋለሁ። እሱ እንደ ጆንያ ይጋደማል። አነሳዋለሁ፣ ይጋደማል። አክስቴ "ይቺ ልጅ እንዴት ወንድሟን ብትወደው ነው" እያለች ለሰው ሁሉ ታወራልኛለች። እናቴ ጋደም ብላ እያጠባችው መሳቋ ተመለሰ። "ዛሬስ?" ስላት እንደገና ትመልስልኛለች። ማርሽ መቀየሩም እየቀነሰ ሄደ። ዳገቱ አልቆ ረዥሙ ሜዳ ላይ ነው አልኩ በልቤ። መኪናው የሚዞርበትን የበሩን አፍ ጠጠር ለቅሜ አጸዳሁ። ድምፄም እንዳይሰንፍ "ና… ና… በቃ" እያልኩ ለባዶው መንገድ ተለማመድኩ።

የተቀመጠው አክስቴ ባለችበት ቀን ነው። እጆቹን ከፊቱ ተክሎ፣ እንደ ሽማግሌ አጎንብሶ፣ ያለ ትራስ ተቀመጠ። አልወደቀም። አክስቴ አጨበጨበች፣ እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ የሚሉትን ሳልሰማ ወጥቼ ወደ በሩ ሮጥኩ።

በሩ ጥግ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። መኪናዎች ያልፋሉ። አንዱ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ብድግ ብዬ እጄን አነሳሁ። አለፈ። ክላክስ በተሰማ ቁጥር ሳሉን እጠብቃለሁ፤ ሳል የለውም። ፀሐይ ከጣሪያዎቹ ኋላ ገባች። እናቴ ጠራችኝ፤ አልሄድኩም። ደጋግማ ጠራችኝና ወንድሜን አቅፋ ራሷ መጣች። ምን ሆንሽ ብትለኝ ዓይኔን ከመንገዱ አልነቀልኩም። ወንድሜ ሲነጫነጭባት ድንጋዩ ላይ ከጎኔ ተቀምጣ ጡቷን ሰጠችው። በቀኙ።

ዓይኔን እጁ ላይ ጣልኩ። እጁ አልተዘረጋም። የሸሚዟን ቁልፍ እየነካካ ዝም ብሎ ይጠባል። በቀኙ፣ ገና ሲጀምር፣ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። እጁን ያዝኩትና ገፋሁት፣ ሳብኩት። "ንዳ እንጂ" አልኩት። ተመልሶ ወደ ቁልፉ ሄደ። እግሩን ያዝኩት።

"ምን እያደረግሽው ነው?" አለች እናቴ።

"ተቀምጧል እኮ። ከተቀመጠ መድረስ ነበረበት።"

"ማን?"

"አባዬ።"

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ዳገቱን፣ ሜዳውን፣ ፍሬኑን፣ ሐኪሟ ያለችውን። እያለቀስኩ ስለነበር የተሰማት ግማሹ ይመስለኛል። ግን በቃት። ስንቱን ቀን "ድልድዩ ጋ ደርሷል" እንዳለችኝ ትዝ ሲላት ከፊቷ አየሁ። እኔ የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር።

"መንገድ ላይ አይደለም የኔ ልጅ" አለች በመጨረሻ። "ወንድምሽ ሳይወለድ ነው የደረሰው። ሌላ ቤት ነው የገባው።"

አሰብኩበት። ሌላ ግቢ፣ ሌላ በር ታየኝ።

"እዚያ ማን ያስገባዋል?" አልኳት።

እናቴ በነፃው እጇ አንገቴን ይዛ ወደ ጭኗ ሳበችኝ። ራሴን ከወንድሜ እግር አጠገብ አሳረፍኩ፤ ያ ጭን ከተወለደ ጀምሮ ናፍቆኝ ነበር። ሆዷ ሲንቀጠቀጥ ጆሮዬ ላይ ይሰማኛል። ወንድሜ በእግሩ ጉንጬን ገፋ አደረገኝ። ማርሽ አልነበረም፤ ቦታ ጠቦት ነው።

በኋላ እንደሰማሁት ወሬውን ለእናቴ ያመጣላት ማደያው ላይ ናፍጣ ሊቀዳ የቆመ የአባቴ የሥራ ጓደኛ ነው። እሷ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ወሬውን ሰምታ ለሹፌሩ መልሱን ቆጥራ ሰጥታዋለች። አባቴ መኪናውን ሸጦ፣ የግማሽ ቀን መንገድ በማይሞላ ከተማ፣ ከአዲሷ ሚስቱ ጋር የመለዋወጫ ሱቅ ከፍቶ ነበር። ወንድሜ ያን ሁሉ ዳገት ሲወጣ አባታችን ጠረጴዛ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እዚያ ማንም አላስገባውም፤ በእግሩ ነው የገባው። አዝኜበታለሁ፣ ተናድጄበታለሁ፣ ያም አለፈ። ያላለፈልኝ ያ ሳል ያለው ክላክስ ነው። ዛሬም የትኛውም ከተማ ብሆን መታጠፊያ ላይ ከባድ መኪና ሲነፋ ወሬዬን አቋርጣለሁ።

ባለፈው ወር ሴት ልጅ ወለድኩ። ባለቤቴ ጓዳ ዕቃ ያጥባል፤ ሰሃን ሲያንኳኳ ይሰማኛል፤ የት እንዳለ ለማወቅ ዘዴ አያስፈልገኝም። እናቴ ልታርሰኝ መጥታ ከአልጋዬ አጠገብ ትቀመጣለች። እርጅና ጉልበቷን ይዟታል። ትናንት በቀኙ ሳጠባት የልጄ አንገት ዞረ፤ ክንዷ ቀጥ ብሎ ተዘረጋ፣ ጣቶቿ ጭብጥ አሉ፣ ተመልሶ ተሳበ። ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ምክንያቱን አውቃለሁ፣ መቼ እንደሚጠፋም አውቃለሁ። እንዲያም ሆኖ ጆሮዬ ወደ በሩ ሄደ።

እናቴ ልጄን አላየቻትም። የምታየው እኔን ነበር። ያን ነገር ከዚያች ቀን ወዲህ አንስተነው አናውቅም፤ የረሳችው መስሎኝ ነበር። እጇን ዘርግታ ትራሱን አስተካከለችልኝ።

"በግራ አጥቢያት የኔ ልጅ" አለች በቀስታ። "ሜዳ ትውጣ።"

አዞርኳት።